ከፎቶው ጠርዝ ወዲያ

ፎቶው ወደ ጎን የሰፋ ነው፤ የተገዛው ፍሬም ግን ወደ ካሬ ይጠጋል። ወይም ፎቶው ቁመታም ነው፤ የሚታይበት ቴሌቪዥን ግን ሰፊ ነው። ሠርግ፣ ምርቃት ወይም የአያት ሙት ዓመት ሲደርስ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይህን ችግር እንዲፈታ ይታዘዛል። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ የዕለት ሥራዬ ከፎቶ ጋር አይገናኝም። ይሁን እንጂ በእኛ ማኅበረሰብ «ኮምፒዩተር የተማረ» ሰው ፕሪንተርም ይጠግናል፣ ፎቶም ያሳምራል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ጥያቄው በየበዓሉ ይደርሰኛል። «ሰዎቹን ሳትቆርጥ ከኋላቸው ያለውን ትንሽ አስፋልኝ» ይሉኛል።

ዛሬ ይህ ሥራ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ነገር ግን «ማስፋት» በሚለው ቃል ውስጥ ቢያንስ አራት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንዱ በፎቶው ላይ ምንም አይጨምርም። ሌላው ያልነበረ ግድግዳ፣ ያልነበረ ዛፍ፣ አንዳንዴም ያልነበረ ሰው ይፈጥራል። ፎቶው ትናንት በስልክ የተነሳ ከሆነ ልዩነቱ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። ከአንድ ሰው የቀረው ብቸኛ ፎቶ ከሆነ ግን ያሳስባል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ከሰዎቹ ኋላ የሚታየውን ነገር ብዙ ሰው በንግግር «ባክግራውንድ» ይለዋል። በጽሑፍ «ዳራ» የሚለውን ታገኛላችሁ። ቤት ውስጥ «ከኋላ ያለው» ብትሉ ግን ማንም ይገባዋል።

ፎቶና ፍሬም የማይገጥሙት በስፋትና በቁመት ጥምርታ ምክንያት ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራው የድሮ ካሜራ የሚያነሳው ምስል 36 ሚሊ ሜትር በ24 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ይህም 3 ለ2 ማለት ነው። የብዙ ስልኮች ካሜራ 4 ለ3 ነው። ቴሌቪዥን 16 ለ9 ነው። አሜሪካ ውስጥ በየሱቁ የሚገኘው 8 በ10 ኢንች ፍሬም ደግሞ 5 ለ4 ነው። አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም።

በቁጥር እንየው። ስፋቱ 3000፣ ቁመቱ 2000 ፒክስል የሆነ የቤተሰብ ፎቶ አለን እንበል። ፒክስል ማለት ዲጂታል ፎቶ የተሠራበት ትንሽ የቀለም ነጥብ ነው። ይህን ፎቶ ለ8 በ10 ፍሬም ብንቆርጠው ስፋቱ 2500 ይሆናል። 500 ፒክስል፣ ማለትም የፎቶው አንድ ስድስተኛ፣ ይጣላል። ዳር ላይ የቆመችው አክስት ትከሻዋ ይቀራል፤ ወይም ጨርሳ ትወጣለች። መቁረጥ ካልፈለግን ስፋቱን ሳንነካ ቁመቱን 2400 እናደርጋለን። ከላይ 200፣ ከታች 200 ፒክስል እንጨምራለን ማለት ነው። 3000 በ2400 ፒክስል ደግሞ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም ልክ 10 በ8 ኢንች ይሆናል። ሒሳቡ እዚህ ያበቃል። የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ በእነዚያ 400 መስመሮች ላይ ምን ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚደናገርበት ነገር አለ። በፎቶሾፕ ውስጥ «ኢሜጅ ሳይዝ» እና «ካንቫስ ሳይዝ» የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች ጎን ለጎን ይገኛሉ። የመጀመሪያው ፎቶውን ራሱን ያሳድጋል ወይም ያሳንሳል፤ ሰዎቹም አብረው ያድጋሉ። ሁለተኛው ፎቶው የተቀመጠበትን ሸራ ብቻ ያሰፋል። ሠዓሊ ሥዕሉን ሳይነካ በዙሪያው ሌላ ሸራ እንደ መቀጠል ነው። ከኋላ ያለውን ለማስፋት የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። በነፃ የሚገኘው ጂምፕም ይህንኑ ትእዛዝ «ኢሜጅ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ይዟል። በፎቶሾፕ ትእዛዙን ስትከፍቱ ዘጠኝ ትናንሽ ሳጥኖች ታያላችሁ። መካከለኛውን ከመረጣችሁ ሸራው በሁሉም አቅጣጫ ይሰፋል። የታችኛውን መካከለኛ ከመረጣችሁ የሚጨመረው ከላይ ነው፤ ራሱ ከፎቶው ጫፍ ጋር ለተጣበቀ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው።

አሁን ባዶ ሸራ አለን። ሐቀኛው መንገድ ባዶውን ባዶ አድርጎ መተው ነው። ነጭ፣ ወይም እንደ አሮጌ ወረቀት ትንሽ የደበዘዘ ቀለም ሞልታችሁ ፎቶውን መሐል ላይ ታስቀምጣላችሁ። የድሮ ፎቶዎች በወረቀቱ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ስለነበራቸው ለዓይን እንግዳ አይሆንም። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ደግሞ በስልክ የተቀረጸ ቁመታም ቪዲዮ ሲያሳዩ ያንኑ ምስል አደብዝዘውና አስፍተው በግራና በቀኝ ይሞላሉ። ለስክሪን ጥሩ ነው። ለግድግዳ ፎቶ ግን ነጩን እመርጣለሁ፤ ብዥታው ከጥቂት ዓመት በኋላ የዘመኑ ፋሽን ሆኖ ይታያል።

ከሰዎቹ ኋላ ያለው አንድ ወጥ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ከሆነም ነገሩ ቀላል ነው። ከዚያው ግድግዳ ቀለም ወስዶ መቀጠል ይቻላል። የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው። ግድግዳ አንድ ቀለም ቢመስልም ከመስኮቱ በራቀ ቁጥር ይጨልማል። ስለዚህ አንድ ቀለም ብቻ ከሞላችሁ መጋጠሚያው እንደ ጠባሳ ይታያል። ከጠርዙ ጥቂት ቦታ ገልብጦ ቀስ በቀስ ማዋሐድ ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ መለጠጥ ነው። ፎቶውን እንዳለ ከለጠጣችሁት ሰዎቹ ይወፍራሉ፤ ይህን ሁላችንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሻይ አቪዳን እና አሪኤል ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች የተሻለ ዘዴ አቀረቡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ በተማሪነቴ ካጠናኋቸው ዘዴዎች ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ።

ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱ ፒክስል ከጎረቤቱ ምን ያህል እንደሚለይ ያሰላል። የሰው ፊት ላይ ልዩነቱ ብዙ ነው፤ ዓይን፣ ቅንድብ፣ ከንፈር አለ። ሰማይ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከዚያ ከፎቶው አናት እስከ ግርጌ የሚወርድ፣ በየረድፉ አንድ ፒክስል ብቻ የሚነካ መንገድ ይፈልጋል። ውሃ ከተራራ ሲወርድ ድንጋዩን ዞሮ እንደሚያልፍ፣ ይህ መንገድም ፊትና እጅን ዞሮ በሰማይና በሣር በኩል ያልፋል። መንገዱ «ስፌት» ተብሏል። ፎቶውን ለማጥበብ ስፌቱን ማውጣት ነው። ለማስፋት ደግሞ ከስፌቱ ጎን መሰሉን መጨመር ነው። አንድ ብልሃት ግን አለ። ማሽኑ ሁልጊዜ ቀላሉን ስፌት ብቻ ቢመርጥ ያንኑ አንድ መስመር መቶ ጊዜ ይደግማል፤ ሰማዩም እንደ ተጎተተ ማስቲካ ይሆናል። ስለዚህ መቶ ስፌት የሚያስፈልግ ከሆነ መቶዎቹን አስቀድሞ ለይቶ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ይደግማል።

ይህ ዘዴ በ2008 ወደ ፎቶሾፕ ገባ፤ «ኮንቴንት አዌር ስኬል» ይባላል። ስትጠቀሙበት ሰዎቹን አስቀድማችሁ ምረጡና ምርጫውን አስቀምጡ፤ ከዚያ «ፕሮቴክት» በሚለው ቦታ ያንን ምርጫ ስጡት። የሰው ቆዳ ቀለምን በራሱ ለመለየት የሚሞክር አዝራርም አለው። እኔ ግን በእጄ እመርጣለሁ፤ ማሽን የማንን ቆዳ ቀለም እንደ ቆዳ እንደሚቆጥር ለዕድል አልተውም። ዘዴው ለባሕር ዳርቻ፣ ለሜዳ፣ ለሰማይ ድንቅ ነው። ለቆርቆሮ ጣሪያ፣ ለጡብ ግድግዳና ለመስኮት ግን አይሆንም፤ ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጣል።

ሦስተኛው መንገድ ከዚያው ፎቶ ቆርጦ መጣፍ ነው። ልብስ ሰፊ የተቀደደውን ሱሪ ከዚያው ጨርቅ በተቆረጠ እራፊ እንደሚጥፍ ማለት ነው። በ2010 የመጣው «ኮንቴንት አዌር ፊል» የተባለው የፎቶሾፕ መሣሪያ ይህን በራሱ ይሠራል። ባዶውን ቦታ ትመርጣላችሁ፤ እሱ ከቀረው ፎቶ ውስጥ የሚመሳሰሉ ቁራጮችን ፈልጎ ይገጣጥማል። ሣር፣ ጠጠር፣ ቅጠል፣ የተሸበሸበ መጋረጃ ይሆንለታል። አንዳንዴ ግን የአጎትን ጆሮ ከሰማይ ላይ ያበቅላል። ስለዚህ ከፎቶው የትኛውን ክፍል እንዲቀዳ መወሰን አለባችሁ። በጂምፕ የምትሠሩ ከሆነ «ክሎን» እና «ሂል» የሚባሉትን ብሩሾች ይዛችሁ በእጅ ትጥፋላችሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን የጨመራችሁትን እያንዳንዱን ነገር ታውቁታላችሁ።

አራተኛው መንገድ አሁን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው። በ2022 ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከፎቶ ጠርዝ ወዲያ እንዲስል የሚያደርጉ መሣሪያዎች ለሕዝብ ቀረቡ። በ2023 ፎቶሾፕ «ጀነሬቲቭ ኤክስፓንድ» የተባለውን ጨመረ። የመቁረጫውን ጠርዝ ከፎቶው ውጭ ትጎትታላችሁ፤ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃላችሁ፤ ሦስት አማራጭ ይሰጣችኋል። ይህ እራፊ አይጥፍም፤ አዲስ ጨርቅ ይሸምናል። ከብዛታቸው የተነሳ ለመቁጠር ከሚያስቸግሩ ምስሎች ተምሯል። ስለዚህ «እንዲህ ካለ በር አጠገብ ብዙ ጊዜ ምን ይኖራል?» ብሎ ይገምታል። ብርሃኑን፣ ጥላውን፣ ብዥታውን ሳይቀር አስማምቶ ይሠራዋል። መጋጠሚያውን በዓይን ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚኖረው ነገር በዚያን ቀን በዚያ ቦታ የነበረው ነገር አይደለም።

አንድ የማውቀው ወጣት ባለፈው ፋሲካ የአያቱን ፎቶ በስልኩ አፕ አሰፋው። ፎቶው ደሴ ውስጥ የተነሳ ነው፤ ወንድ አያቱ በቤታቸው ደጃፍ ቆመዋል። ፎቶው ጠባብና ቁመታም ነበር፤ ልጁ ግን በቴሌቪዥን ሊያሳየው ፈለገ። አፑ በግራ የድንጋይ አጥርና የብረት በር ጨመረ፤ በቀኝ በረንዳና አበባ። እኔም ሳየው ተደነቅሁ፤ ያማረ ነበር። ሴት አያቱ መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ ዝም ብለው አዩና፣ «ይሄ የማን ግቢ ነው፣ ልጄ?» አሉ።

ልጁ የቤታቸው መሆኑን ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የእነሱ አጥር የባሕር ዛፍ እንጨት ነበር። የብረት በር አልነበረም። ከዚያ ጣታቸውን በረንዳው ላይ አደረጉና፣ «እዚህ ጋ እኮ እኅቴ ነበረች። ፎቶ አልነሳም ብላ ፈንጠር ብላ ቆማ» አሉ። ልጁ አያቱ እኅት እንደነበራቸው ያውቃል፤ እዚያ ቀን እዚያ መኖሯን ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። ለምን ፎቶ አልነሳም እንዳለች ጠየቃቸው። ቡናው እስኪነሳ ድረስ የተወራው ስለዚያች እኅት ነበር።

ማሽኑ በረንዳ የተከለው ልክ እሷ በነበረችበት ቦታ ላይ ነው። ይህ የማሽኑ ክፋት አይደለም፤ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም። ፎቶውን ያላወቀ ሰው ግን፣ ለምሳሌ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያገኘው የልጅ ልጅ፣ የድንጋዩን አጥር አምኖ ይቀበላል። «ቅድመ አያቴ የድንጋይ ግቢ ነበራቸው» ይላል።

«ድሮም እኮ የፎቶ ዳራ ሐሰት ነበር» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት አለው። የድሮ ፎቶ ቤቶች ከሰው ኋላ በቀለም የተሳለ መጋረጃ ይሰቅሉ ነበር፤ ከተማውን ለቆ የማያውቅ ሰው ሐይቅና አበባ ፊት ቆሞ ይነሳል። ነገር ግን ያ መጋረጃ በዚያ ክፍል ውስጥ በእርግጥ ተሰቅሎ ነበር። አያቶቻችን ፊቱ ቆመዋል፤ ሥዕል መሆኑንም ያውቃሉ። እንዲያውም እንዲህ ያለውን የስቱዲዮ መጋረጃ በኮምፒዩተር ማስፋት ከደጃፍ ፎቶ ይልቅ ብዙም አያሳስበኝም።

ፎቶን ከቦታው ጋር ለማስማማት ብሎ መነካካትም ከፎቶሾፕ በፊት ነበር። በየካቲት 1982 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የጊዛን ፒራሚዶች በሽፋኑ ላይ አወጣ። የተነሳው ፎቶ አግድም ነበር፤ ሽፋኑ ግን ቁመታም ነው። ስለዚህ ፒራሚዶቹን በኮምፒዩተር አቀራረቧቸው። ብዙ ወቀሳ አስከተለ፤ ዛሬም ስለ ፎቶ ሥነ ምግባር ሲወራ ይነሳል። የመጀመሪያው ፎቶሾፕ ለገበያ የቀረበው ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1990 ነው።

አማርኛ ለምትማሩ አንባቢዎች አንድ የተለየ ነገር ልጨምር። ከኋላ የሱቅ ማስታወቂያ ወይም ሰሌዳ ያለበትን ፎቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስታሰፉ ፊደሎቹን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚስለው ፊደል የሚመስል፣ ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ነው። «ሐ» የመሰለው ሦስት እግር ላይ አንድ ይጨምራል፤ «ቀ» የመሰለው ክቡ ተከፍቶ ይቀራል። ከሩቅ ሲታይ ያታልላል። ፊደል ገበታ የያዘ ልጅ ግን ለማንበብ ሞክሮ ወዲያው ይይዘዋል።

የፓስፖርት ፎቶ ደግሞ ለብቻው ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ለፓስፖርት የምትጠየቁት 2 በ2 ኢንች፣ ዳራው ነጭ ወይም ወደ ነጭ የተጠጋ ፎቶ ነው። በሶፍትዌር፣ በአፕ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተለወጠ ፎቶ አይቀበሉም። ስለዚህ ጠባብ የሆነውን ፎቶ ለማስፋት አትድከሙ፤ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ እንደገና መነሳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ቤተሰቡ አልበም። የአሮጌ ፎቶ ሥራ ሲመጣልኝ የማደርገው እንዲህ ነው። ወረቀቱን በስልክ ከማንሳት ይልቅ በስካነር በአንድ ኢንች 600 ነጥብ አስገባዋለሁ፤ ነጩን ጠርዝና በጀርባው የተጻፈውን ጭምር። ይህ ፋይል አይነካም። ቅጂ አወጣና ሸራውን በቅጂው ላይ አሰፋለሁ። የጨመርኩትን ሁሉ በተለየ ንብርብር ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሲፈለግ አጥፍቶ የነበረውን ብቻ ማየት እንዲቻል። ለማቆየት ቲፍ እጠቀማለሁ፤ ጄፔግ እየተከፈተ በተቀመጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ጥራት ያጣል። ፋይሉን «ደሴ ደጃፍ የሰፋ» ብዬ እሰይመዋለሁ፤ «የሰፋ» የሚለው ቃል ከስሙ እንዳይወጣ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፎቶውን ለሚያውቅ ሰው አሳያለሁ። «ከዚህ ወዲያ ምን ነበር?» ብዬ ጠርዙን እጠቁማለሁ። «ይሄ ማን ነው?» ብትሉ ስም ትሰማላችሁ። ስለ ጠርዙ ብትጠይቁ ግን ሌላ ነገር ይመጣል፤ ጉድጓዱ፣ የጎረቤት ውሻ፣ ካሜራውን የያዘው ሰው፣ አልነሳም ያለችው እኅት። አማርኛችሁ ገና ከሆነም ጥያቄው አጭር ነው፤ ስልካችሁን መቅጃ ላይ አድርጋችሁ ጠይቁ። መልሱን ከፎቶው ፋይል ጋር በአንድ ማኅደር አስቀምጡት።

የደሴው ፎቶ በመጨረሻ የተቀመጠው በነጭ ጠርዝ ነው። ከጠርዙ በታች በቀኝ በኩል ልጁ የአያቱን እኅት ስም ጻፈ፤ ፊደሉን ራሱ ነው የጻፈው፤ አንዷን ፊደል ሁለት ጊዜ አርሟል።

ለማተም ስትልኩ ደግሞ ከጠርዙ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ተዉ። ማተሚያ ቤቶች ወረቀቱን ሲቆርጡ ጥቂት ይወስዳሉ፤ የፍሬሙም ከንፈር ጥቂት ይሸፍናል። ጽሑፍ ካለበት ከዚያ የበለጠ ራቁ፤ አለዚያ ስሙ ከፍሬሙ ሥር ይገባል።